የቤት እጥረት የሕግን ግዴታ አይሽርም፦ በግላስጎው የቤት አልባነት አገልግሎት ቁጥጥር ላይ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በብሪታንያ በምንኖር የአማርኛ አንባቢዎች ዘንድ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ በግላስጎው ከተማ ቤት ላጡ ሰዎች የሚሰጠውን አገልግሎት የሚከታተለው የስኮትላንድ የቤቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም እስከ ማለት ደርሷል። ጽሑፉን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የወገኖቻችን እንግልት የሚቆረቁራቸው ሰው መሆናቸው በእያንዳንዱ አንቀጽ ይታያል፤ ስለ ከተማው ከጻፉት መካከልም እውነት የሆነ ብዙ አለ። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ቤት አጥቶ ለሚንከራተተው ሰው ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም ብዬ ስለማምን፣ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጸሐፊው መከራከሪያ ባጭሩ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ካውንስል የምንለው የግላስጎው ምክር ቤት የራሱ የሆነ አንድም ኪራይ ቤት ስለሌለው በቤት ጉዳይ እሱን መቆጣጠር ትርጉም የለውም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪው ሪፖርት ከመጻፍ አልፎ ማንንም ቤት አላስገባም፤ በ2023 መጨረሻ «ሥርዓታዊ ውድቀት» ደርሷል ማለቱም እጅ መስጠት ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ ሕዝብ የመረጠውን ካውንስል ሕዝብ ያልመረጠው ቦርድ ሊቆጣጠረው አይገባም ባይ ናቸው። አራተኛ፣ ለቁጥጥር የሚወጣው ገንዘብ ለግንባታ ቢውል ይሻል ነበር ብለዋል። በመጨረሻም እኛ ስደተኞች አቤቱታ ማብዛታችን ስማችንን ያጎድፋልና ችግራችንን በማኅበራችንና በቤተ እምነታችን እንፍታ ሲሉ መክረዋል።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሣ፤ ሰፊ ማብራሪያ የሚሻውም እሱ ነው። ግላስጎው የራሱ ኪራይ ቤት የለውም መባሉ እውነት ነው። ተከራዮች በ2002 ድምፅ ሰጥተውበት፣ በ2003 ወደ 80,000 የሚጠጉ የካውንስሉ ቤቶች ግላስጎው ሃውሲንግ አሶሴሽን ለተባለው የቤቶች ማኅበር ተላልፈዋል፤ ማኅበሩ ዛሬ ዊትሊ ሆምስ ግላስጎው ተብሎ ይጠራል። በስኮትላንድ ካሉት 32 ካውንስሎች መካከል ቤታቸውን በዚህ መንገድ ያስተላለፉት ስድስት ናቸው። ነገር ግን የተላለፈው ቤቱ እንጂ ግዴታው አይደለም። ቤት ያጣን ሰው ማመልከቻ መቀበል፣ ጉዳዩን ማጣራት፣ ተጣርቶ እስኪያልቅ ጊዜያዊ ማረፊያ መስጠት፣ በመጨረሻም ቋሚ መኖሪያ እንዲያገኝ ማድረግ በ1987ቱ የስኮትላንድ የቤቶች ሕግ መሠረት ያኔም ዛሬም የካውንስሉ ግዴታ ነው።

ታዲያ ቤት የሌለው ካውንስል ይህን ግዴታ የሚወጣው እንዴት ነው? የ2001ዱ የቤቶች ሕግ አንቀጽ 5 መንገዱን አበጅቶለታል። ካውንስሉ ማመልከቻውን አጣርቶ ሰውየው ቤት ይገባዋል ካለ፣ ለአንድ የቤቶች ማኅበር በጽሑፍ ጥያቄ ያቀርባል፤ ማኅበሩም በቂ ምክንያት ከሌለው በቀር በተገቢ ጊዜ ውስጥ፣ የመንግሥት መመሪያ እንደሚለው በስድስት ሳምንት ገደማ፣ ቤት ማቅረብ አለበት። ሁለቱ ካልተስማሙ ጉዳዩን የሚያይ ገላጋይ ይሰየማል። በግላስጎው እንዲህ ያሉ ማኅበራት ከ60 ይበልጣሉ። እንግዲህ አንድ አመልካች ከካውንስሉ ጠረጴዛ ተነሥቶ የቤት ቁልፍ እስኪረከብ ወረቀቱ ስንት ቦታ ሊያድር እንደሚችል አስቡት፦ የግምገማ ቀጠሮው ይራዘማል፤ ግምገማው ካለቀ በኋላ ጥያቄው ለማኅበር ሳይላክ ይቆያል፤ ማኅበሩ ያለኝ ቤት ለዚህ ቤተሰብ አይበቃም ብሎ ይመልሰዋል፤ ካውንስሉ ለሌላ ማኅበር እንደ አዲስ ይጽፋል። በዚህ ሁሉ መካከል አመልካቹ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ያውም ዕድል ከቀናው። ካውንስሉን ሲጠይቁት ማኅበራቱ ቤት አልሰጡኝም ይላል፤ ማኅበሩን ሲጠይቁት ካውንስሉ አልላከልኝም ይላል። አንዱ በሌላው ማላከክ በሚቻልበት እንዲህ ባለ አሠራር፣ ሁለቱንም ወገን ከላይ የሚያይ፣ የሁለቱንም መዝገብ አስቀርቦ የሚያመሳክር አካል የግድ ያስፈልጋል። የስኮትላንድ የቤቶች ተቆጣጣሪ ካውንስሎቹንም ማኅበራቱንም በአንድ ሥልጣን የሚከታተል መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ቁጥጥር ትርጉም የለውም ለማለት የጠቀሱት ምክንያት፣ ቁጥጥር ከሌላው ካውንስል ይልቅ ግላስጎው ላይ ይበልጥ እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ነው።

ይህ በሐሳብ ደረጃ ብቻ የቀረ ክርክር አይደለም። ተቆጣጣሪው በመጋቢት 2018 በግላስጎው ቤት አልባ ሰዎች እንዴት ቤት እንደሚያገኙ መርምሮ ባወጣው ሪፖርት፣ ካውንስሉ ግዴታ ላለበት ሰው ሁሉ በቂ ጥያቄ ለማኅበራቱ እንደማያቀርብና ሂደቱ ሰዎችን ከሚገባው በላይ እያቆየ መሆኑን አሳይቷል። ከቤት እጥረቱ ሌላ በወረቀቱ መንገድ ላይ የራሱ የሆነ ችግር አለ ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ መዝገብ ሳያገላብጡ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ጸሐፊው ሁሉንም ነገር የቤት እጥረት ብለው ሲያጠቃልሉት፣ ነገሩን ሳያስቡት ካውንስሉን በራሱ እጅ ካለው ጥፋት ነፃ አውጥተውታል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ፣ ጸሐፊው አንድ የሚያውቁት ሰው ለተቆጣጣሪው አቤት ብሎ ቤት እንዳላገኘ በማስረጃነት አቅርበዋል። ሰውየው ያለበት ሁኔታ ያሳዝናል፤ ነገር ግን የሄደው ወደማይመለከተው በር ነበር። ተቆጣጣሪው የአንድን ግለሰብ ጉዳይ ተቀብሎ ይህ ሰው ቤት ይሰጠው ብሎ የሚወስን አካል አይደለም። ካውንስሉ በማመልከቻው ላይ የሰጠውን ውሳኔ የሚቃወም ሰው ውሳኔው ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ21 ቀናት ውስጥ እንደገና እንዲታይለት የመጠየቅ መብት በ1987ቱ ሕግ ተሰጥቶታል። በአገልግሎቱ የተበደለ ደግሞ አስቀድሞ ለካውንስሉ ቅሬታ ያቀርባል፤ ካውንስሉ በመጀመሪያው ደረጃ በ5 የሥራ ቀናት፣ በሁለተኛው ደረጃ በ20 የሥራ ቀናት መልስ መስጠት ይጠበቅበታል፤ መልሱ ካላረካው ወደ ስኮትላንድ የሕዝብ አገልግሎቶች እንባ ጠባቂ ይሄዳል። የተቆጣጣሪው ሥራ ከዚህ የተለየ ነው። በ2010ሩ የቤቶች ሕግ ተቋቁሞ ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ ሙሉ ሥልጣኑን የያዘው ይህ መሥሪያ ቤት የሚመለከተው በብዙ ሰዎች ላይ በተደጋጋሚ የሚደርሰውን ነው። ካውንስሎች መረጃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፣ ምርመራ ይከፍታል፣ የማሻሻያ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ያዛል፣ የማስፈጸሚያ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ነገሩ ከባሰም የቤት አገልግሎቱን የሚመራ ሥራ አስኪያጅ እስከ መሾም የሚደርስ ሥልጣን አለው።

ሪፖርት ብቻ ነው ለሚለው፣ ሪፖርቱ የሚተካው ምን እንደሆነ ማየት ይገባል። በአስተርጓሚነት በተገኘሁበት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ካውንስል ቢሮ ውስጥ የሆነውን ላንሣ። የጥገኝነት ጥያቄው ገና የተፈቀደለት አንድ ወጣት ከመንግሥት ማረፊያው የሚወጣበት ቀን ደርሶ፣ ልብሱን በሁለት ፌስታል ይዞ መጥቶ ነበር። ሠራተኛዋ በትሕትና አነጋገረችው፤ ስሙንና የትውልድ ቀኑን ጠየቀችው፤ ከዚያም ለዛሬ ማታ ምንም የለንም፣ ነገ ጠዋት ደውል አለችው። ይህን በጽሑፍ ስጪው ብዬ በእርሱ ስም ስጠይቃት፣ ውሳኔ ስላልተሰጠ በጽሑፍ የሚሰጥ ነገር የለም አለችኝ። ወጣቱ ከተከለከለ ሰው ይልቅ ጨርሶ ያልመጣ ሰው ሆኖ ወጣ። በሕጉ መሠረት ያን ምሽት ማረፊያ ይገባው ነበር፤ አለማግኘቱ ግን የትም አልሰፈረም። ይህ በአንድ ሰው ሲደርስ ዕድለ ቢስነት ይመስላል፤ በመቶዎች ሲደርስና ሲቆጠር ነው የሕግ ጥሰት መሆኑ የሚታየው። ካውንስሎች ማረፊያ ሊሰጡት ሲገባ ያልሰጡትን ሰው ሁሉ መዝግበው እንዲያሳውቁ የሚያስገድዳቸው፣ ያሳወቁትንም የሚያመሳክር አካል ከሌለ፣ እንዲህ ያለ እምቢታ በቢሮው ግድግዳ መካከል ተቀብሮ ይቀራል።

የተቆጣጣሪው መዝገብ ፍሬ እንደሌለው አድርገው ማቅረባቸውም ትክክል አይደለም። በ2019 ሼልተር ስኮትላንድ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ግላስጎው ለቤት አልባዎች ጊዜያዊ ማረፊያ እየከለከለ ነው ብሎ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶት ነበር፤ ተቆጣጣሪው የራሱን ምርመራ እንደሚያካሂድ ካስታወቀ በኋላ ድርጅቱ ክሱን አቆመ። ለዓመታት ለሕግ የቆመ ተቋም ከፍርድ ቤት ይልቅ ምርመራውን መምረጡ፣ ምርመራው ባዶ ወረቀት ነው ተብሎ እንዳልታሰበ ያሳያል። ተቆጣጣሪው በየካቲት 2023 ባወጣው ሪፖርት አንዳንድ ካውንስሎች ሥርዓታዊ ውድቀት ሊገጥማቸው እንደሚችል አስጠነቀቀ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ በአንዳንዶቹ ዘንድ ውድቀቱ ደርሷል ሲል ደመደመ። ግላስጎውና ኤዲንብራ ከእነዚህ መካከል ናቸው።

«ሥርዓታዊ ውድቀት» የሚለውን ቃል ጸሐፊው እጅ መስጠት አድርገው ተርጉመውታል። መሥሪያ ቤቱ ቃሉን የተጠቀመበት መንገድ ግን የተወሰነ ነው፤ የቤት አልባዎች ቁጥርና የችግራቸው ክብደት ካውንስሉ ባለው አቅም ሊመልሰው ከሚችለው በላይ ሆኗል ማለት ነው። ይህ ካውንስሉን ይቅር ማለት አይደለም፤ ጥያቄው ከካውንስሉም አልፎ በጀት ወደሚመድበው የስኮትላንድ መንግሥትና የጥገኝነት ውሳኔ ወደሚሰጠው የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲሄድ ማድረግ ነው። ግላስጎው የቤት አስቸኳይ ሁኔታ ያወጀው በኅዳር 30 ቀን 2023 ሲሆን፣ ሚኒስቴሩ የተከማቹ የጥገኝነት ጥያቄዎችን ባንድ ጊዜ መወሰኑ በከተማው ላይ ያደረሰውን ጫና እንደ ምክንያት ጠቅሷል። የስኮትላንድ መንግሥት ግን ከዚያ በኋላ ለ2024/25 የተመጣጣኝ ዋጋ ቤቶች ግንባታ በጀቱን በ196 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ቀነሰ። በግንቦት 15 ቀን 2024 ራሱ በአገር አቀፍ ደረጃ አስቸኳይ ሁኔታ መኖሩን ተቀበለ፤ ለ2025/26 ደግሞ በጀቱን ወደ 768 ሚሊዮን ፓውንድ መለሰው። ይህን ለውጥ ያመጣው ተቆጣጣሪው ብቻ ነው አልልም፤ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ የካውንስሎችና የተከራዮች ግፊት አለበት። ሆኖም ከመንግሥት ነፃ የሆነ መሥሪያ ቤት ውድቀቱን ስም ሰጥቶ በመዝገብ ካሰፈረው በኋላ፣ ማንም ሚኒስትር ችግሩ የጥቂት ካውንስሎች የአሠራር ጉድለት ነው ብሎ ሊያልፈው አልቻለም።

በዚህ ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ነገር አለ። ተቆጣጣሪው ውድቀቱ ከካውንስሉ አቅም በላይ ነው ካለ በኋላ፣ ያለው የማስገደጃ ሥልጣን ብዙ እንደማይረዳ ግልጽ ነው፤ የሌለ ቤት በትእዛዝ አይመጣም። ሥልጣኑ ካውንስሉ ላይ እንጂ በጀት መዳቢው ላይ አይደርስም። ይህ እውነተኛ ክፍተት ነው፤ መፍትሔው ግን ተቆጣጣሪውን ማፍረስ ሳይሆን፣ ውድቀት ሲታወጅ መንግሥት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለፓርላማ መልስ የመስጠት ግዴታ እንዲኖርበት ማድረግ ነው። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ቢያነሡ ኖሮ ከጎናቸው እሰለፍ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ የዴሞክራሲን ስም ስለያዘ ከበድ ያለ ይመስላል። ተመራጮችን የሚቆጣጠራቸው መራጩ ነው የሚለው አነጋገር ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ቤት ላጣ ሰው ግን አይሠራም። የስኮትላንድ ካውንስሎች ምርጫ የሚካሄደው በየአምስት ዓመቱ ነው፤ ያለፈው በግንቦት 2022 ነበር፣ የሚቀጥለው በ2027 ነው። ዛሬ ማታ ማረፊያ የተከለከለች እናት ድምፅ ለመስጠት እስከ 2027 ትጠብቅ ማለት አይቻልም። በሕግ የመኖር ፈቃድ ያላቸው የውጭ አገር ዜጎች ከ2020 ወዲህ በስኮትላንድ የአካባቢ ምርጫ መምረጥ መቻላቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ከማረፊያ ማረፊያ የሚንከራተት ሰው ግን ከመራጭነት ዝርዝር በቀላሉ ይወጣል፣ ቁጥሩም ከቤት ባለቤቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የብዙኃኑ ድምፅ የጥቂቶችን መብት እንዳይውጥ ነው ሕግ የሚያስፈልገው፤ ሕጉም መከበሩን የሚያይ ዐይን ያስፈልገዋል።

ደግሞም ተቆጣጣሪው ከተመራጮች በላይ የተቀመጠ አለቃ አይደለም። የቦርዱን አባላት ሚኒስትሮች ይሾሟቸዋል፤ ተጠሪነቱ ለስኮትላንድ ፓርላማ ነው፤ የሚለካበት መስፈርትም ራሱ የፈጠረው ሳይሆን ፓርላማው ያጸደቀው የስኮትላንድ የማኅበራዊ ቤቶች ቻርተር ነው። የዚያ ቻርተር 12ኛ ነጥብ ካውንስሎች ቤት ላጡ ሰዎች ፈጣን እርዳታና ምክር፣ ተስማሚ የሆነ ጊዜያዊ ማረፊያ፣ የሚገባቸውንም ቤት እስኪያገኙና እስኪረጋጉ የማያቋርጥ ድጋፍ እንዲሰጡ ይጠይቃል። ካውንስሎች በየዓመቱ እስከ ጥቅምት 31 ድረስ ይህንና ሌሎች ሕጋዊ ግዴታዎቻቸውን ማሟላታቸውን፣ ካላሟሉም የጎደለውን የሚገልጽ የማረጋገጫ መግለጫ በኮሚቴያቸው አጽድቀው ያቀርባሉ። መግለጫውን የሚያጸድቁት እነዚያው የተመረጡ ሰዎች ናቸው። ቁጥጥሩ ሥልጣናቸውን አልነጠቃቸውም፤ የካውንስላቸውን ሠራተኞች ለመጠየቅ የሚያስችል ማስረጃ በእጃቸው አስቀመጠ እንጂ።

ምርጫ ብቻውን ይበቃል የሚለው እምነት በእንግሊዝ ተሞክሮ አይተነዋል። ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝ ተቆጣጣሪው በተከራዮች አገልግሎት ጉዳይ ጣልቃ የሚገባው ከባድ ጉዳት ሲደርስ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ፣ መደበኛ ፍተሻ ቀርቶ ነበር። የኬንሲንግተንና ቼልሲ ካውንስል ንብረት የነበረው ግሬንፌል ታወር በሰኔ 14 ቀን 2017 ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሲሞቱ፣ የሕንፃው ነዋሪዎች ስለ እሳት አደጋ ለዓመታት ያሰሙት አቤቱታ ሰሚ እንዳላገኘ ታወቀ። ከሟቾቹ መካከል የእኛው ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወገኖች ይገኙበታል፤ ስለዚህ ይህን ምሳሌ ያነሣሁት በቀላሉ አይደለም። ካውንስሉ የተመረጠ ነበር። እንግሊዝ ከዚያ በኋላ በ2023 አዲስ የማኅበራዊ ቤቶች ቁጥጥር ሕግ አውጥታ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ፍተሻውን መለሰች። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የለንደኑ ኒውሃም ካውንስል ዝቅተኛውን ደረጃ ያገኘ የመጀመሪያው ሆነ፤ ከ40 በመቶ የሚበልጡት ቤቶቹ የኤሌክትሪክ ፍተሻ ሳይደረግላቸው ከአሥር ዓመት በላይ እንደቆዩና ከ9,000 የሚበልጡ የእሳት መከላከያ ጥገናዎች ጊዜያቸው አልፎ እንደተወዘፉ ታየ። በእነዚያ ዓመታት በኒውሃም ምርጫ ሳይቋረጥ ሲካሄድ ኖሯል። እንግሊዝ ዛሬም የካውንስሎችን ቤት እንጂ የቤት አልባነት አገልግሎታቸውን የሚፈትሽ እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ የላትም፤ ጸሐፊው ይፍረስ የሚሉትን ነገር በለንደን ያሉ ወገኖቻችን ገና አላገኙትም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። የአንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ወጪ ከጠቀስኩት የግንባታ በጀት ጋር ቢቀላቀል የሚጨምረው የቤት ቁጥር ኢምንት ነው፤ ግዴታውን በጊዜው ያልተወጣ ካውንስል ለሆቴል የሚከፍለው ግን በየሌሊቱ ይቆጠራል።

ከሁሉ ያሳሰበኝ የመጨረሻው ነጥብ ነው። ጸሐፊው እኛ ስደተኞች በተሰጠን ነገር አመስግነን እንድንኖር፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ አቤት ማለትን እንድንተው፣ ለሌለው ሰው በማኅበርና በእድር እንድንደርስለት ይመክራሉ። መረዳዳታችን የሚያኮራ ባህላችን መሆኑን ማንም አይክድም። ግላስጎው ጥገኝነት ጠያቂዎችን መቀበል ከጀመረበት ከ2000 ወዲህ ወደዚያ ከተማ የደረሰ ሐበሻ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ወቅት በአንድ ወገኑ ሶፋ ላይ አድሯል፤ አስተናጋጆቹም ራሳቸው ባለ አንድ ክፍል ተከራዮች ሆነው ነው። ነገር ግን ይህ ደግነት ምን እንደሚያስከትል ልብ ይበሉ። በወገኑ ቤት ያደረ ሰው በካውንስሉ መዝገብ ላይ አይታይም። ወሩ ሲያልፍ አስተናጋጁ ከአከራዩ ጋር ይጋጫል፣ እንግዳውም ከዚያ ይወጣል፤ ካውንስሉ ዘንድ ሲቀርብም እስከ ዛሬ የት ነበርክ ይባላል። በዝምታ የተሸከምነው ሸክም የእኛ ችግር እንደሌለ ተደርጎ ይቆጠራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድም ውስጥ አይገባም።

መብቱ ላም አለኝ በሰማይ ነው የሚሉት ጸሐፊው፣ የስኮትላንድ ሕግ ለወገኖቻችን ምን ያህል እንደሰጠ ቢገልጹ መልካም ነበር። በእንግሊዝ ጤነኛ፣ ወጣትና ልጅ የሌለው ሰው ቤት ቢያጣ ካውንስሉ ቅድሚያ የሚሰጠው አይደለህም ብሎ ማረፊያ ሊነፍገው ይችላል፤ ስኮትላንድ ይህን መለያ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ሽራዋለች። ከኅዳር 2022 ወዲህ ደግሞ ካውንስሉ ከዚህ አካባቢ ጋር ግንኙነት የለህም ብሎ አመልካቹን ወደ ሌላ የስኮትላንድ ካውንስል መመለስ አይችልም። ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ማንኛውም ቤት አልባ ሰው ለመኖሪያ በማይስማማ ማረፊያ፣ ለምሳሌ ማብሰያ በሌለው የሆቴል ክፍል ውስጥ፣ ከሰባት ቀን በላይ መቆየት የለበትም። እነዚህ መብቶች በሕግ ሰፍረዋል፤ በተግባር ግን በየዕለቱ ይጣሳሉ። በመጋቢት 31 ቀን 2024 በስኮትላንድ በጊዜያዊ ማረፊያ የነበሩት ሕፃናትና ልጆች 10,110 ነበሩ። ከእነዚህ ልጆች አንዱ የእኛ ሰፈር ልጅ ከሆነ፣ እናቱ ሰባቱ ቀን አልፏል ብላ በጽሑፍ መጠየቋ ምስጋና ቢስነት ነው ልንላት ነው? ሕጉ የተጻፈው ለእርሷም ነው፤ የሚሠራውም እንደ እርሷ ያለ ሰው ሲጠይቅ ነው።

ስማችን ይጎድፋል የሚለው ስጋት ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። ግላስጎው በብሪታንያ ካሉ ከተሞች ሁሉ ብዙ ጥገኝነት ጠያቂዎችን የምታስተናግድ ናት፤ ስደተኞች ቤታችንን ወሰዱብን የሚሉ ድምፆችም እየበረቱ ነው። አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ፈቃድ ያገኘ ሰው ከማረፊያው የሚወጣበትን ጊዜ በታኅሣሥ 2024 ከ28 ቀን ወደ 56 ቀን አሳድጎት ነበር፤ በመስከረም 2025 ግን ለብቸኛ አዋቂዎች ወደ 28 ቀን መለሰው። አንድ ሰው በ28 ቀን ውስጥ የባንክ ሒሳብ ከፍቶ፣ ሥራ አግኝቶ፣ የቤት ኪራይ ማስያዣ አጠራቅሞ ሊገባ እንደማይችል ማንም ያውቃል፤ የካውንስሉ በር ላይ የሚጥለውም ይህ ውሳኔ ነው። የተቆጣጣሪው መዝገብ ይህን በቁጥር ሲያሳይ፣ ተጠያቂው ስደተኛው ሳይሆን ውሳኔ የሰጠው መሥሪያ ቤት መሆኑ ይታያል። መዝገብ በሌለበት ግን የሰዉ ዐይን የሚያርፈው ሰልፉ ላይ በቆመው በእኛ ላይ ነው።

ማኅበሮቻችን በዚህ ረገድ ሊሠሩት የሚችሉት ትልቅ ሥራ አለ። ማረፊያ የተከለከለ ሰው ሲመጣላቸው ሶፋ ከማመቻቸታቸው በፊት የሄደበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ያነጋገረውን ክፍልና የተሰጠውን መልስ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ካውንስሉንም በኢሜይል ውሳኔውን በጽሑፍ ይጠይቁ። እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ሲከማቹ፣ ችግሩ ከአንድ ሰው አልፎ ብዙዎችን የነካ መሆኑን ጠቅሶ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ ይቻላል፤ መሥሪያ ቤቱ የግለሰብ አቤቱታ ባይወስንም እንዲህ ያለውን መረጃ ይቀበላል። የሕግ እርዳታ ለሚሻው ሼልተር ስኮትላንድና ጎቫን ሎው ሴንተር አሉ፤ የ21 ቀኑ ገደብ ግን አያልፍባችሁ።

ተቆጣጣሪው በየዓመቱ በመጋቢት መጨረሻ ለእያንዳንዱ ካውንስል የሚያወጣው የክትትል ዕቅድ ለማንም ክፍት ነው፤ ስለ ግላስጎው የወጣውም አጭርና በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይህን ዕቅድ አንቀጽ በአንቀጽ ጠቅሰው፣ ተቆጣጣሪው ቢፈርስ በውስጡ ከሰፈሩት ጥያቄዎች የትኛውን ማን እንደሚጠይቅ ቢነግሩን ክርክሩ ወደ ፊት ይራመዳል።